ልምምድ ላይ አንበሳ፣ ውድድር ላይ ቄጠማ፦ ለአንድ የኮምቦልቻ አሰልጣኝ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የሩጫ አሰልጣኝ ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«11 ታዳጊ ሯጮች አሰለጥናለሁ። ልምምድ ላይ አንበሳ ናቸው። ውድድር ሲመጣ ግን እግራቸው ቄጠማ ይሆናል። አንዷ 17 ዓመቷ ነው፣ 1500 ሜትር ትሮጣለች። እዚህ በ4 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የምትሮጠው ልጅ ደሴ ላይ በነበረ የማጣሪያ ውድድር በ4 ደቂቃ ከ59 ገባች። ጠዋት ላይ ‹አይዞሽ፣ እንዳትፈሪ› ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምድም ታቆራርጣለች። ሌሎቹም አንድ ሳምንት አሳምረው ይሰሩና በሚቀጥለው ይጠፋሉ። በየቀኑ የመዘጋጀት ልማድ ይዘው፣ ውድድር ላይ በልበ ሙሉነት እንዲቆሙ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። እኔም ደሴ ላይ ከሯጮች ጋር የምሰራው ይሄንኑ ነው። የስፖርት ስነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ አብዛኛው ጠዋቴ የሚያልፈው ሆጤ ስታዲየም ነው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። በውድድር ጠዋት የሚነገራት ምክር ብዙም አይረዳትም። የሚረዳት ያ ጠዋት እንደሌላው ጠዋት እንዲሆንላት ማድረግ ነው። በዕለቱ አዲስ ነገር ልጨምር ማለት «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው። በርበሬው ቀደም ብሎ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ መቀመጥ አለበት። ረጅሙ መልስ እንዴት ይፈጫል የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሰዓቱን እንየው። 4 ከ42 እንዴት ተያዘ? ልጅቷ 1500 ሜትሩን ሳትቆም ሮጣ ነው? ወይስ 400 ሜትር እየሮጠች፣ እያረፈች፣ እርስዎ ደምረው? ብዙ አሰልጣኞች ሁለተኛውን ያደርጋሉ። ለልምምድ ክፋት የለውም። ግን ያ የውድድር ሰዓት አይደለም። ልጅቷ በሌላት ሰዓት ከተለካች፣ ሳትወድቅ ወድቄያለሁ ብላ ታምናለች።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ልዩነቱን ጆሮዎ ራሱ ይነግርዎታል። አየሩ ሲሳሳ ጡንቻ ጋ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። 1500 ሜትርና ከዚያ በላይ ባለ ሩጫ ይሄ ሰከንዶችን ይበላል። ብርዱም አለ። በቦርከና ወንዝ ዳር ሙቀት ያደገች ልጅ፣ ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ በጠዋት ጭጋግ ቱታዋን አውልቃ ስትቆም ሰውነቷ ይደነግጣል። ደረቷ ቶሎ ይቃጠላል። ይሄን ቀድማ ካላወቀች «ፈራሁ» ወይም «አቅም የለኝም» ብላ ትተረጉመዋለች። ቀድማ ካወቀች ግን «አዎ፣ ደሴ ነኝ» ብላ ታልፈዋለች። ያው ድካም ነው፤ ስሙ ሲለወጥ ግን የሚያደርስባት ጉዳት ይለያል።

ሦስተኛው የመጀመሪያው ዙር ነው። 1500 ሜትርን በ4 ከ42 ለመጨረስ አንድ ዙር በአማካይ 75 ሰከንድ ይፈልጋል። ልጅቷ የመጀመሪያውን 400 በስንት አለፈች? በ68 ወይም በ69 አልፋ ከሆነ፣ 17ቱ ሰከንድ የጠፋው መጨረሻው ላይ ቢመስልም የተበላው እዚያ ነው። የፈራ ሯጭ ሁልጊዜ ወደ ኋላ አይቀርም። ብዙ ጊዜ በጣም ፈጥኖ ይወጣል። ከሽጉጡ ድምፅ ጋር መሸሽ ይጀምራል።

ይሄን ሁሉ የማነሳው ልማዱ ሊደርስበት የሚችለውንና የማይችለውን ለመለየት ነው። ከ17ቱ ሰከንድ የተወሰነው የከፍታ ነው። የተወሰነው የአለካክ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ግን አብረን እንመልሰዋለን።

አሁን ወደ ልበ ሙሉነቱ። የስነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለው ከአራት ምንጮች ቀድቶ ነው ይላል። ራሱ ሰርቶ ካየው፣ እንደሱ ያለ ሰው ሲሰራ ካየው፣ ሌሎች ከሚነግሩት፣ ከገዛ ሰውነቱ ስሜት። ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። የእርስዎ «አይዞሽ» ሦስተኛው ውስጥ ነው ያለው። መልካም ነው፤ ግን ብቻውን አያቆማትም። በዚያች ደቂቃ ልቧ ድው ድው እያለ፣ አፏ እየደረቀ፣ የሚያስፈልጋት ማስረጃ ነው። «ትናንት አድርጌዋለሁ፣ ከትናንት ወዲያም አድርጌዋለሁ» የምትለው ነገር። እሱን በዕለቱ ማንም ሊሰጣት አይችልም።

ታምራት ቶላን ያስቡ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ቦታው ለሱ ተሰጠ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ። ማራቶን በሁለት ሳምንት አይሰራም። ይሮጥ አይሮጥ ሳያውቅ በየቀኑ ሲዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ይሄን ታሪክ ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ሜዳሊያውን ብቻ ሳይሆን ከሜዳሊያው በፊት የነበሩትን፣ ማንም ያላየለትን ጠዋቶች ይንገሯቸው።

ልማዱን ሲጀምሩ በጣም ትንሽ ያድርጉት። የእኛ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ከውድድር ሽንፈት በኋላ እንቆጣና ረጅም ዝርዝር እናወጣለን። በ11 ሰዓት ተነሱ፣ ስትሬቺንግ፣ ደብተር፣ ምግብ፣ ጸሎት፣ እንቅልፍ። ልጆቹ አንድ ሳምንት ይይዙታል። ከዚያ ይጠፋሉ። እርስዎም ያሉት ይሄንኑ ነው። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ሸክሙ በአንድ ቀን ስለተጫነ ነው።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይስጧቸው። እኔ የምጀምረው በቦርሳ ነው። በየማታው፣ ነገ ልምምድ ካለ፣ ቦርሳው ይዘጋጃል። እንደ ውድድር። ስፓይኩ (ሹል ያለው የውድድር ጫማ) ወይም የልምምድ ጫማው፣ ካልሲ፣ ቲሸርት፣ ፎጣ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ በሶ ወይም ሙዝ፣ ቁጥር ማያያዣ አራት መርፌ ቁልፍ። መርፌ ቁልፉ ለልምምድ ምን ያደርጋል ይሉኝ ይሆናል። ውድድር ቀን ላይ ቁልፍ ፍለጋ ሰው ለሰው ስትሮጥ የነበረች ልጅ አይቻለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርሃቷ የጀመረው ከተፎካካሪዎቿ ሳይሆን ከዚያች የጠፋች ቁልፍ ነው። ቁልፎቹ ሁልጊዜ በቦርሳው የጎን ኪስ ከኖሩ ግን ያ ጭንቀት በር አያገኝም።

መቼ ይዘጋጅ? «ማታ 2 ሰዓት» አይበሏቸው። ቤታቸው በሰዓት አይመራም። እናት ትልካለች፣ ውሃ ይጠፋል፣ ሱቅ ይጠበቃል፣ አባት ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ገብቶ ታናናሾችን የሚያስተኛው ሌላ ሰው ነው። አዲሱን ልማድ ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ይሰሩት። ወሎ ቤት ውስጥ የማይቀር ነገር አለ፣ የማታ ቡና። «ቡናው አቦል እስኪደርስ ቦርሳዬን አዘጋጃለሁ» ትበል። ለሌላው ከመግሪብ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይም እንዲሁ። ከሱብሂ ሰላት ቀጥሎ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ እንደተመለሰ። የቆየው ነገር አዲሱን ይጎትተዋል።

ስንት ቀን ይፈጃል? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚሰሩት ልማድ እስኪሆን መሃከለኛው 66 ቀን ነበር። ሰው ከሰው ግን በጣም ይለያያል። ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል፤ ከ12 ሳምንቱ ያለፈው በስሌት የተገመተ ነው። 21 ቀን ይበቃል የሚባለውን ስለዚህ ይተዉት። እኔን ከዚያ ጥናት ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ልጆች ይሄን መስማት አለባቸው። አንድ ቀን ሲያመልጣቸው «በቃ ተበላሸ» ብለው ሳምንቱን ይተዉታልና። እኔ ያለኝ ደንብ አንድ ነው፦ አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አልልም፣ ሁለተኛው ቀን ከተዘለለ ግን ስልክ እደውላለሁ። ለቁጣ አይደለም። «ምን ገጠመሽ?» ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የጫማ፣ የትራንስፖርት ወይም የቤት ነገር ነው።

ለቀረ ልጅ ተጨማሪ ሩጫ እንደ ቅጣት አይስጡ። ሩጫን የምንወደው ነገር አድርገን እንደገና መቅጫ ካደረግነው ልጁ ግራ ይገባዋል።

ቦርሳው ከተለመደ በኋላ ወደ ማሟሟቂያው ይለፉ። ይሄ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ክፍል ነው። የአብዛኞቹ ልጆቻችን ችግር እዚህ አለ። ልምምድ ላይ እየተሳሳቁ፣ አንድ ቀን 10 ደቂቃ፣ አንድ ቀን 25 ደቂቃ ያሟሙቃሉ። ውድድር ቀን ላይ ደግሞ አጠገባቸው ያለውን ያያሉ። ከሌላ ክለብ የመጣ፣ ጥሩ ቱታ የለበሰ ሯጭ አንድ ነገር ሲሰራ እነሱም ይሰራሉ። በዚያች ደቂቃ ራሳቸውን ትተው ወጡ።

ስለዚህ ማሟሟቂያው አንድ ይሁን። ለልምምድም ለውድድርም። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። ለ1500 ሜትር ሯጭ እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው። 12 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ማውራት በሚቻልበት ፍጥነት። ከዚያ 8 ደቂቃ የመገጣጠሚያ ማፍታቻ፣ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ። ከዚያ ጉልበት እያነሱ፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ እየመቱ፣ እየዘለሉ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። ከዚያ ስፓይክ ይታሰራል። ከዚያ አራት ጊዜ 80 ሜትር፣ እየጨመሩ፣ የመጨረሻው በውድድር ፍጥነት። ሁሉም 35 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከሽጉጡ 10 ደቂቃ በፊት ያልቃል። ቁጥሮቹን እንደ ልጆቹ ሁኔታ ይለውጧቸው። አንዴ ከወሰኑ በኋላ ግን አይንኳቸው።

ስለ ስፓይኩ ክር አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ዓመት ሆጤ ላይ አንድ ልጅ አየሁ። መነሻው መስመር አጠገብ ሳሩ ላይ ተቀምጧል። የግራውን አሰረ። ፈታው። እንደገና አሰረ። የቀኙን አሰረ። ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመልሶ ተቀመጠና ሁለቱንም ፈታ። አራተኛው ላይ ስሙ ተጠራ፤ የቀኙን እየጎተተ ሄደ። ጫማው ምንም አልሆነም ነበር። እጁ የሚሰራው ስላጣ ነው። ከዚያ በኋላ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን የክር አስተሳሰር ሰራን። መጀመሪያ ግራ። ምላሱን ማስተካከል። ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን መሳብ። ሁለት ቋጠሮ። ጫፉን ከክሩ ስር መክተት። ከዚያ ቀኝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መሬት መርገጥ። ካበቃ በኋላ አይነካም። በየልምምዱ እንዲህ አሰረ፣ ስልሳ ሰባ ጊዜ። አሁን ውድድር ላይ ሲያስር ፊቱን ያዩታል። ይረጋጋል። እጁ የሚያውቀውን ሲሰራ ልቡም ይከተለዋል።

የእኛ ውድድሮች ደግሞ ይዘገያሉ። 3 ሰዓት የተባለው 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ልጆቹ አሟሙቀው ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ ይደነግጣሉ። ስለዚህ አጭሯን ማሟሟቂያም ቀድመው ያስለምዷቸው። 5 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 3 ደቂቃ ማፍታታት፣ ሁለት ጊዜ 80 ሜትር። 12 ደቂቃ ትበቃለች። ልምምድ ላይ አንዳንዴ አሟሙቀው ሲጨርሱ «ዘግይቷል፣ 40 ደቂቃ ጠብቁ» ይበሏቸው። ቱታቸውን ይልበሱ፣ ጥላ ስር ይቀመጡ፣ አጭሯን ይድገሙ፣ ይሩጡ። መጠበቅም ይሰለጠናል።

ሦስተኛው ነገር ደብተር ነው። ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ልምምዱን በደብተር በመመዝገብ ይታወቃል። ለልጆቹ ግን ሦስት መስመር ይበቃል። ምን ሰራሁ፣ ምን በደንብ ሄደልኝ፣ ነገ ምን አስተካክላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የምፈልገው፦ «ማክሰኞ። 5 ጊዜ 600። አራተኛው ላይ ተከሻዬ ተወጠረ፣ እጄን ለቀቅ ሳደርግ ተስተካከለ። ነገ ቶሎ እተኛለሁ።» ትከሻን በስህተት ብትጽፍም አያርሙት። ደብተሩ የሷ ነው። ውድድሩ ዋዜማ ላይ ቁጭ ብላ ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ታነባለች። ያኔ ባንዱራ ያለው የመጀመሪያው ምንጭ በገዛ እጅ ጽሑፏ ፊቷ ላይ አለ። እርስዎ «ትችያለሽ» ከሚሏት ይልቅ ያንን ታምናለች።

ፍርሃቱስ? ፍርሃቱ አይጠፋም። እንዲጠፋም አይመኙ። ልብ ሲመታ ደም ወደ ጡንቻ እየተገፋ ነው። እጅ ሲርድ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲመጣ፣ ሰውነት ለትልቅ ሥራ እየተነሳ ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት አለ። መድረክ ላይ ሊዘፍኑ፣ ንግግር ሊያደርጉ ወይም ሂሳብ ሊሰሩ ከተዘጋጁ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ሰሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እየዘለለ ያለ ልብን ዝም በል ማለት ይከብዳል። አቅጣጫውን መቀየር ግን ይቻላል። ስለዚህ «እንዳትፈሪ» የሚለውን ቃል ይተዉት፤ ውስጡ ፍርሃት አለ። ልጅቷ የራሷን አጭር ቃል ትፈልግ። «ሰውነቴ ተነስቷል» ትበል። ወይም እሷ የመረጠችውን። በየልምምዱ የመጨረሻዋን 80 ሜትር ከመሮጧ በፊት ትበለው።

እስትንፋስም ይረዳል። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለሁለት ደቂቃ። አየሩን ረዘም አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። ግን ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞከረችው ትታፈናለች። ከልምምድ በኋላ ሳሩ ላይ ጋደም ብለው በየቀኑ ይስሩት።

ሌላው የ«ከሆነ» ዓረፍተ ነገር ነው። ጀርመናዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ይሄን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ሰው «ጠንክሬ እሮጣለሁ» ከሚል ይልቅ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ከወሰነ፣ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። ልጅቷ ሦስት ብቻ ትጻፍ። መነሻ ላይ ከተገፋሁ፣ እጄን ሰብስቤ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ እወጣለሁ። የመጀመሪያውን ዙር ከ73 በታች ካለፍኩ፣ ትከሻዬን አላላለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ደረቴ ከተቃጠለ፣ ፊት ለፊቴ ያለችውን ጀርባ አያለሁ። ሦስተኛው ዙር የ1500 መራራው ቦታ ነው። ሁሉም ሯጭ እዚያ ይጠራጠራል። መልሱን ቀድማ ጽፋ ከገባች ጥርጣሬው ባዶ ቤት አያገኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ውድድር ያድርጉ። ቁጥር ይለጠፍ፣ ስም ይጠራ፣ ፊሽካ ይነፋ። ወላጅ፣ ጓደኛ ይጥሩ፤ ሰው ይይ። በአራት ሳምንት አንዴ ደግሞ ደሴ ይዘዋቸው ይውጡ። ለመወዳደር ሳይሆን ሙሉ ማሟሟቂያቸውን ሰርተው፣ ሁለት ዙር በውድድር ፍጥነት ሮጠው፣ ሻይ ጠጥተው ለመመለስ። ልጅቷ የተሸነፈችበትን ቦታ ሳትሸነፍ ትርገጠው።

ስለራሴ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ስለሚጠቅምዎት። ከዓመታት በፊት ከአንድ የ800 ሜትር ልጅ ጋር እሰራ ነበር። ሦስት ወር በሥርዓት ሰራን። በውድድሩ ጠዋት ግን እኔ አላስቻለኝም። ጠርቼው ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ቤተሰቡን አነሳሁ፣ ከተማውን አነሳሁ፣ «ሁሉም ባንተ ላይ ነው» አልኩት። ልጁ ማሟሟቂያውን አቋርጦ ነበር የሚሰማኝ። የመጀመሪያውን 200 በማይችለው ፍጥነት ወጣ። 600 ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ያዘጋጀነውን ያፈረስኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ስለሱ ሳስብ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ በውድድር ጠዋት የምለው በልምምድ ጠዋት የምለውን ብቻ ነው። «ቦርሳሽ አለ? ውሃ ጠጣሽ? እንግዲህ ጀምሪ።» የአሰልጣኝ ድምፅም የማሟሟቂያው አካል ነው። እርስዎም በልምምድ ቀን የሚመጡበት ሰዓት፣ የሚቆሙበት ቦታ፣ ሰላምታዎ አንድ ይሁን።

ከውድድር በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ልጆቹን ይቀርጻል። «ስንተኛ ወጣሽ?» ከሆነ፣ ልጅቷ የምትሸከመው ውጤቱን ብቻ ነው። «ማሟሟቂያሽን ጨረስሽ? የመጀመሪያው ዙር እንዴት ነበር?» ከሆነ፣ በእጇ ያለውን ነገር ታስባለች። ውጤቱን መጨረሻ ላይ ያውሩት፣ አይደብቁት።

የቀሩትን በፍጥነት። እንቅልፍ ለታዳጊ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ስልኩ ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። ጾም ሲመጣ ልማዱ አይቋረጥ፣ ጫናው ይቀንስ። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ወደ ኢፍጣር ተጠግቶ ወይም ከኢፍጣር ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። በሁዳዴ ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኑግና ተልባ በብዛት ይግባ። ቦርሳው፣ ደብተሩና እስትንፋሱ ግን በጾምም ይሰራሉ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቡድን ሲሆኑ አንዱ ሲጾም ሌላው ውሃውን ዞር ብሎ ይጠጣል፤ የወሎ ልጆች ይሄን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

ጫትን ግልጽ አድርገው ይንገሯቸው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል። ከዚህም ሌላ በጫት ውስጥ ያለው ካቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ አለ። በውድድር ጊዜ በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ጥፋት ነው። ልጆቹ «የአገር ቅጠል ነው» ብለው እንዳይዘናጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልማድ በላይ ነው። ልጅቷ ልምምድ ማቆራረጧ ከሽንፈቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሁልጊዜ ከደከማት፣ ከከሳች፣ የወር አበባዋ ለወራት ከቀረ፣ ወይም እንቅልፍ አጥታ ብቻዋን መሆን ካበዛች፣ ሐኪም ይያት። ምግቧ ከሩጫዋ አንሶ፣ ወይም የደም ማነስ ኖሮባት ሊሆን ይችላል። ይሄን ጥያቄ እናቷ ወይም የምታምናት ሴት ብትጠይቃት ይሻላል።

ለሷ ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ። ምክር አይስጧት፤ አብረዋት ይቀመጡና የዚያን ቀን ጠዋት ከተነሳችበት እስከ ሽጉጡ ድረስ በቅደም ተከተል እንድትነግርዎት ይጠይቋት። ምን በላች? በስንት ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነሳች? መኪና ውስጥ ቆማ ነበር ተቀምጣ? ማሟሟቂያውን የት ሰራች? ከማን አጠገብ ቆመች? አያቋርጧት። ከምትነግርዎት ውስጥ ፍርሃቱ የገባበትን በር ያገኙታል። ምናልባት የጠፋ መርፌ ቁልፍ ያህል ትንሽ ነው። የመጀመሪያውን ልማድ እዚያ በር ላይ ያቁሙት፤ ቦርሳም ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያውን 400 በስንት እንዳለፈች የያዘ ሰው ካለም ፈልገው ይጻፉልኝ። በሚቀጥለው ደሴ ስትወጡ ጠዋት ሆጤ አለሁ። ማሟሟቂያዋን ስትሰራ ከጎን ቆሜ አያለሁ፣ አላናግራትም።